ስድስት ምስማር

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቷ ግድግዳ እንጂ ባሕር የማያሳይ
አንዲት ክፍል አለች፤ ወር በገባ ቁጥር
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ድርሃም የምታስቆጥር።

ለሦስት ተከራየን፤ እኩል ግን አይደለም፤
በአንድ ልክ የተሰፋ ሦስት ኪስ የለም።
ትርንጎ ግማሹን፤ ጸጉር ትሠራለች፤
ሲሶውን ረውዳ፤ ሰው ቤት ታበስላለች፤
እኔ ሁለት ዓርብ ነው በወር የምወጣ፣
ከስድስት አንዷ ናት የደረሰኝ ዕጣ።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ስድስት ምስማር አለ፣
ማን እንደመታው እንጃ፣ ከእኛ በፊት የተተከለ።
ሦስቱ የትርንጎ፤ አባያ፣ ቦርሳ፣ ሻሽ፤
ሁለቱ የረውዳ፤ አንዱ ዝጎ ልብስ የሚያበላሽ፤
አንዱ የእኔ፣ በሩ ጥግ፣ ፌስታሌን አንጠልጥሎ
ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ የሚጠብቀኝ ችሎ።

አንድ ዓርብ ማታ ልጄ ከሐይቅ ደወለ፤
«እማዬ፣ ክፍልፋይ አልገባኝም» አለ።
«ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው?»
(እኔ ያቆምኩበት ክፍል ላይ ነው ያለው።)
አንድና አንድ ሁለት፣ ከላይ ከላዩን፤
ሁለትና ሦስት አምስት፣ ከታች ከታቹን፤
«ሁለት አምስተኛ!» አልኩት በእናት ድፍረት።

ትርንጎ አልጋው ላይ በሳቅ ተንከባለለች፦
«ታዲያ እኔ ብቻዬን የምከፍለው ግማሽ
ረውዳ ስትጨምርበት ያንሳል እንዴ ጭራሽ?»

ተደምሮ ማነስ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤
አርባ ሴት በአንድ ሰልፍ አየር ማረፊያ ስንቆም
ቆጥረው ሲረከቡን አንድ ሰው አልሞላንም።

ልጄ ከመጽሐፉ ጮኾ አነበበልኝ፣
መስመሩ እየቆረጠ እየቀጠለልኝ፦
«ታህታቸው ካልገጠመ አይደመሩም» ይላል።
ታህት ማለት ታች ነው። ታች የኖረ ያውቀዋል።

«ግድግዳ ሣልልኝ» አልኩት፣ «ጎንህ ባለው ወረቀት፤
ስድስት ምስማር ምታበት።
ግማሿ ትርንጎ ስንት ምስማር አላት?»
«ሦስት!» «ሲሶዋ ረውዳስ?» «ሁለት!» «ደምርላት።»
«አምስት ስድስተኛ!» ጩኸቱ ስልኩን ሞላው።
«የቀረው አንዱስ?» አለኝ። «የእኔ ነው፤ ፌስታል ያለው።»

ግማሽ፣ ሦስት ስድስተኛ ቢሉት፣ ልኩ አልጎደለም።
እኔን አባቴ ደብሪቱ አለኝ፤
እመቤቲቱ ስሙ ለአፏ ከብዷት ሱዓድ አደረገችኝ፤
ልኬ ይጉደል አይጉደል እስካሁን የለካኝ የለም።

መቀነስ በግንቦት መጣ፣ ግድግዳው ሲያልበው።
ሳሎን ሰጧት ዐጅማን፤ ዕድሏን ማን ይግፋው?
ትርንጎ ሦስት ምስማር አራቁታ ሄደች።
ከሙሉ ግማሽ ሲነሣ ግማሽ ነው የሚቀረው፤
የባለ ሕንፃው ሒሳብ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

ዛሬ ጥበቃው አንዲት ልጅ ይዞ መጣ፣
ጎማው የወለቀ ሻንጣ የምትጎትት፣
ከአውሮፕላን መውረዷ ከጫማዋ የሚታወቅ።
ስሟ ፀዳለ ነው።
«እርቦ ነው አቅሜ» አለች፣ ዐይኗን ከወለሉ ሳታነሣ።

እርቦ!
ስድስት ለአራት ሲካፈል አንድ ተኩል ነው፤
በምስማር እኩሌታ ላይ ምን ልብስ ይሰቀላል?

ረውዳ ተነሥታ መዶሻ ፈለገች፣
መዶሻ የለም፤ የሙቀጫ ዘነዘና አገኘች።
ስድስት ሌላ መታች፣ በየመሐል በየመሐሉ፣
ጎረቤቶች ከወዲያ ግድግዳ በማላያላም እስኪሳደቡ።

ዐሥራ ሁለት።
የረውዳ አራት። የፀዳለ ሦስት። የእኔ ሁለት።
(በአንድ ማታ ከአንድ ወደ ሁለት አደግሁ፤ ያው ነኝ።)
ዘጠኝ።
ጣቴን አስከትዬ ደግሜ ቆጠርኩ።
ዘጠኝ።

ሦስት አዲስ ምስማር ያበራሉ፣ የሚሰቀልባቸው የለም።
ስልኬ ጮኸ። «እማዬ፣ ዛሬ መቀነስ ነው የሰጡን።»
«ቆየኝ» አልኩት፣ «ልጄ፤
በሩን እያንኳኩ ነው።»